ጌሙ ያልነገረን ሕግ፦ ከጊልድ መሪነትና ከጌም ሥራ ያገኘሁት ተሞክሮ

ኦንላይን አርፒጂ (የራስን ገጸ ባሕርይ እያሳደጉ የሚጫወቱባቸው) ጌሞች ውስጥ ለዓመታት ጊልድ፣ ማለትም አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ቡድን፣ መርቻለሁ። በኋላም በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ አንድ አነስተኛ ጌም ላይ ሕጎቹን ከሚቀርጹት ሰዎች አንዱ ሆኛለሁ። በሁለቱም ቦታ ካየኋቸው ጠቦች ብዙዎቹ ቦሱ (ትልቁ ጠላት) አልሞት ስላለ ወይም ሰው ስለሰነፈ የተነሱ አልነበሩም። የሚያጣላን ማንም ያልነገረን ሕግ ነበር። አንዱ «ይሄ ሰይፍ ለእኔ አይወድቅም፣ አካውንቴ ላይ የሆነ ነገር አለ» ይላል፤ የገደልኩት ጭራቅ ዕቃውን አልጥልልኝ አለ ማለቱ ነው። ሌላው «አርፈህ ተጫወት፣ ዕድል ነው» ይለዋል። ሁለቱም በእጃቸው ማስረጃ የላቸውም፤ ማስረጃው ያለው ጌሙን በሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ነው። ነገሩ ሲውል ሲያድር ወደ መካሰስ ይሄዳል፣ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾችም አኩርፈው ይወጣሉ።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ እኛ ምን እንዳደረግን፣ ጌም የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የትኛውን መናገር እንደሚበጅ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የጌሙ ዓለም ምሥጢር ቢኖረው ደስ ይለኛል። ከተራራው ጀርባ ምን እንዳለ፣ የተዘጋው በር በምን እንደሚከፈት፣ ሽማግሌው ለምን በሌሊት ብቻ እንደሚናገር አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም። ጊዜዬና ገንዘቤ የሚቆጠርበት ሕግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሚዛኑን በጨርቅ ሸፍኖ የሚመዝን ነጋዴ ምናልባት አላጭበረበረም ይሆናል፤ ቢሆንም ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አንዱን ጉዳይ በዝርዝር ላሳያችሁ። እንጫወተው በነበረ አንድ ጌም ውስጥ የጦር መሣሪያ የሚያሻሽል አንጥረኛ ነበር። ሰይፉንና ድንጋዩን ስታቀርቡለት «የመሳካት ዕድል፦ 30 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ካልተሳካ ድንጋዩ ይጠፋል፣ ሰይፉም አንድ ደረጃ ይወርዳል። ድንጋዩን ለማግኘት ደግሞ ሰው ዋሻ ውስጥ ሲዋጋ ያመሻል። በዚህ ሰበብ ጊልዳችን ውስጥ ያልተባለ ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ሰርቨሩ ከጥገና በተነሣበት የመጀመሪያ ሰዓት ካልሆነ አይሞክርም። አንዳንዱ ቻናል (የዚያኑ ዓለም ሌላ ቅጂ) ይቀያይራል። አንዲት ጎበዝ ቀስተኛችን ደግሞ መጀመሪያ ርካሽ ቢላዋ ሆን ብላ ታከስርና ውድቀት ሲደጋገምባት ዋናውን ቀስቷን ታስገባ ነበር። «ክፉ ክፉውን ቢላዋው ይውሰደው» ትላለች። ብዙ ሰው አጉል እምነት ነው ይላት ነበር።

የጊልዱ ልማድ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነበር። ዛሬ እጁ የቀናው ሰው ካለ የጋራ ድንጋያችንን ለእርሱ እንሰጥና የሌሎቹን መሣሪያ ጭምር በእርሱ አካውንት እናስሞክራለን። ተሳክቶለታል፣ ስለዚህ ይሳካለታል የሚል ሐሳብ ነው። ድንጋዮቹም እንደዋዛ ያልቃሉ።

በመጨረሻ የጋራ ሰንጠረዥ ከፈትን። ዓምዶቹ ቀላል ነበሩ፦ ቀንና ሰዓት፣ ቻናል፣ የዕቃው ደረጃ፣ በዚያው አካውንት ከዚህ በፊት የነበረው ሙከራ ውጤት፣ የአሁኑ ውጤት። ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን አንድ ደንብ ነው፤ መስመሩ የሚከፈተው ሙከራው ከመደረጉ በፊት ነው። ይህ ደንብ ባይኖር ሰው የሚመዘግበው ያንገበገበውን ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የከሰረ ሰው ሮጦ ይጽፋል፣ በመጀመሪያው የተሳካለት ግን ደስ ብሎት ወደ ዋሻው ይመለሳል። እንዲህ የተሰበሰበ መረጃ ሁልጊዜ ጌሙን ሌባ ያደርገዋል።

ሙከራዎቹን ሁሉ ደምረን ስናይ ውጤቱ ከ30 በመቶ ብዙ አልራቀም። ሰዓቱም ቻናሉም ልዩነት አላመጡም። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ጉዳዩ ያለቀ ይመስል ነበር። ነገር ግን መስመሮቹን ከዚህ በፊት በነበረው ውጤት ስንከፋፍላቸው ሌላ መልክ ወጣ። ከስኬት ቀጥሎ ያለው ሙከራ የመሳካት ዕድሉ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ውድቀት በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ዕድሉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ 30 የሚለው ቁጥር ውሸት አልነበረም፤ የረጅም ጊዜ አማካይ ነበር። ውድቀቱን የሚቆጥረው ቆጣሪ ደግሞ በዕቃ ሳይሆን በአካውንት ነው የሚሠራው። ቀስተኛዋ ትክክል ነበረች። እኛ ድንጋያችንን ሁሉ የምናስረክበው ደግሞ በዚያች ሰዓት ዝቅተኛው ዕድል ላለው ሰው ነበር።

ልብ በሉ፣ ይህ አሠራር በራሱ ክፉ አይደለም። ዋርክራፍት 3ም ሆነ ዶታ 2 የሚባሉት ጌሞች አንዳንድ ዕድሎችን በዚህ መንገድ ነው የሚያሰሉት። ዓላማውም ደግ ነው፤ አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ተከታትሎ እንዳይከስር ይጠብቀዋል። ከመጀመሪያው «ተደጋጋሚ ውድቀት እንዳያጋጥማችሁ ዕድላችሁ በየውድቀቱ ይጨምራል» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ሠሪዎቹን እናመሰግናቸው ነበር። ስለተደበቀ ብቻ ጥበቃው ወጥመድ ሆነብን።

ለድጋፍ ሰጪው ክፍል ስንጽፍ የመጣው መልስ «ሲስተሙ እንደታቀደው እየሠራ ነው» የሚል ነበር። ይህን መልስ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዕቅዱ ምን እንደሆነ ካልተነገረ መልሱ ባዶ ነው። ሰንጠረዡን አያይዘን እንደገና ጻፍን፤ በዚህኛው ደብዳቤ ላይ አንድም የክስ ቃል አልነበረም። እያንዳንዱ ሙከራ ከቀደመው ነጻ ነው ወይ? ቆጣሪ ካለ በአካውንት ነው በዕቃ? የሚታየው ቁጥር አማካይ ነው ወይስ የዚያች ሙከራ ዕድል? እነዚህን ብቻ ጠየቅን። ከቆይታ በኋላ በወጣ የፓች (የጌም ማሻሻያ) ማስታወሻ ላይ የሚታየው መቶኛ አማካይ መሆኑን፣ የቀድሞ ውጤቶችም እንደሚቆጠሩ የሚገልጽ አጭር አንቀጽ ገባ። ጊልዱ ውስጥ የነበረው ንትርክ በዚያው በረደ፤ ድንጋይ የምናከፋፍልበትን መንገድም ቀየርን።

መዝግባችሁ ለማጣራት ካሰባችሁ ስለ ብዛት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እውነተኛ ዕድሉ 30 በመቶ የሆነ ነገር 100 ጊዜ ቢሞከር ከ21 እስከ 39 ጊዜ ድረስ መሳካቱ የሚጠበቅ ነው። 22 ጊዜ ብቻ ተሳካልን ብሎ ማጭበርበር ነው ማለት አይቻልም። 1,000 ሙከራ ሲሆን ግን ከ27 እስከ 33 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይጠባል፣ ያኔ 22 በመቶ ቢመጣ ጥያቄ ማንሣት ተገቢ ነው። ለዚህ ነው ብቻውን የሚመዘግብ ሰው ብዙ ርቀት የማይሄደው፤ ጊልድ ያስፈልጋል።

ብርቅ ዕቃ ሲሆን ደግሞ የሰው ግምት ይበልጥ ይሳሳታል። 1 በመቶ የመውደቅ ዕድል ያለውን ዕቃ ቦሱን 100 ጊዜ ገድሎ የማያገኝ ሰው ከመቶው 37 ገደማ ነው። 300 ጊዜ ገድለውም ከሃያ ሰው አንዱ ባዶ እጁን ይቀራል። 10,000 ተጫዋች ባለበት ሰርቨር ላይ ይህ 500 ሰው ነው፤ አምስት መቶው ሁሉ «የተረገመ አካውንት» አለኝ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ጊልድ መሪ ከሆናችሁ ይህንን ስሌት ለሰው ስታስረዱ በእርጋታ አስረዱ። ሰውዬው ሌሊቱን የለፋበት ነገር ነው፤ «ሂሳብ አታውቅም» ብሎ ማሳፈር ጊልድ ያፈርሳል።

ደግሞም ተጫዋች ሲጠረጥር ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1999 (ዓመታቱና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው አሸሮንስ ኮል የሚባል ጌም ውስጥ አንድ «ዊ» የሚባል ካራክተር ነበር። ከቡድን ጋር ሲሄድ ጭራቆቹ ሌላውን ሁሉ ትተው እርሱን ያሳድዱታል እየተባለ ይወራ ነበር። የጌሙ ሠሪ ተርባይን ኮዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም የሚል እምነት ነበረው። ውሎ አድሮ ጭራቆች ዒላማቸውን የሚመርጡበት ስሌት ላይ ስህተት ተገኘ፤ አንዳንድ ካራክተሮች በእርግጥም ከሌላው በበለጠ ይጠቁ ነበር። ማንም ሆን ብሎ የደበቀው ነገር አልነበረም፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው አላወቁትም። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ለሥራ የሚጠቅም ነገር ነው፦ «የደበቅነው የለም» የሚል መልስ በቅንነት ተሰጥቶም ስህተት ሊሆን ስለሚችል መዝገባችሁን አትጣሉት።

አንዳንዴ ደግሞ መመዝገብ እንኳ ሳያስፈልግ ኩባንያው ራሱ ያወጣቸውን ቁጥሮች ማጋጠም ይበቃል። በ2020 በወጣው ጌንሺን ኢምፓክት ብርቅ የሆነውን ባለ አምስት ኮከብ ገጸ ባሕርይ በዕጣ የማግኘት መነሻ ዕድል 0.6 በመቶ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ቢበዛ በ90ኛው ሙከራ ዋስትና አለ፤ ዋስትናው ሲታሰብ ደግሞ አጠቃላይ ዕድሉ 1.6 በመቶ ነው ይላል። እስቲ አስሉት። ዕድሉ እስከ 89ኛው ድረስ ሳይነቃነቅ 0.6 ቢሆንና በ90ኛው ዋስትናው ቢገባ፣ አንዱን ለማግኘት በአማካይ 70 ገደማ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ይህ 1.43 በመቶ ነው። 1.6 በመቶ ማለት ግን በአማካይ 62 ወይም 63 ሙከራ ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ስለዚህ ከ90 በፊት የሆነ ቦታ ላይ ዕድሉ መጨመር አለበት ማለት ነው። ተጫዋቾች ብዙ መዝገብ ሰብስበው ጭማሪው ከ74ኛው ሙከራ አካባቢ እንደሚጀምር አወቁ። ይህ ጭማሪ ለተጫዋቹ የሚጠቅም ነው፤ ሆኖም በጽሑፉ ላይ አልሰፈረም። ከ70 ሙከራ በኋላ ገንዘቡ ያለቀበት ሰው ያቋርጥ ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ይኸው ያልተጻፈው ነው።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ይከፋል። ትልቁ ምሳሌ የኔክሰን ኩባንያ ጌም ሜፕልስቶሪ ነው። ጌሙ በ2010 «ኪዩብ» የሚባል በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አስገባ፤ ኪዩቡ የመሣሪያን ተጨማሪ ኃይሎች በዕጣ ይለውጣል። የደቡብ ኮሪያ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው ኩባንያው ከዚያው ዓመት መስከረም ጀምሮ ተፈላጊ ኃይሎች የሚወጡበትን ዕድል ቀነሰ። ከ2011 ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚመኛቸው አንዳንድ ጥምረቶች ጭራሽ እንዳይወጡ አደረገ፤ ዕድላቸው ዜሮ ሆነ። ተጫዋቹ ይህን አያውቅም። ሊመጣ የማይችለውን ነገር ሲገዛ ኖረ። ኮሚሽኑ በ2024 ጥር 11.6 ቢሊዮን ዎን ገደማ ቅጣት ጣለ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ደግሞ በአገሪቱ የዕጣ ዕቃዎችን ዕድል በግልጽ ማሳወቅን ግዴታ የሚያደርገው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ቻይና ተመሳሳይ ግዴታ የጣለችው በ2017 ነው፤ አፕልም በዚያው ዓመት መጨረሻ በመደብሩ ለሚሸጡ ጌሞች ይህንኑ ደንብ አወጣ።

ዕድሉ ተጻፈ ማለት ግን ሁሉም ነገር ተነገረ ማለት አይደለም። ዕጣው በእውነተኛ ገንዘብ ሳይሆን በተደራረቡ የጌም ገንዘቦች ሲሸጥ፣ ማለትም ዶላሩ ክሪስታል ሆኖ፣ ክሪስታሉ ሌላ ድንጋይ ሆኖ፣ ድንጋዩ ደግሞ የዕጣ ቲኬት ሲሆን አንድ ሙከራ ስንት እንደሚያወጣ ይጠፋችኋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2025 ጥር ከጌንሺን ኢምፓክት አከፋፋይ ጋር በ20 ሚሊዮን ዶላር ሲስማማ ካነሣቸው ክሶች አንዱ ይህ ግራ የሚያጋባ ልውውጥ ነበር። ጊልዳችን ውስጥ ገንዘብ ለሚያወጡ ሰዎች የምመክረው አንድ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት የአንድ ሙከራን ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብ አስሉ፣ በዋስትናው ቁጥር አባዙት፣ ያንን ድምር የዕቃው ዋጋ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ገንዘብ በሌለበትም መደበቅ ያስቀይማል። በ2017 የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት 7.2 ፓች ሲወጣ ተጫዋቾች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። የተሻለ ትጥቅ ስትለብስ ሜዳ ላይ ያሉት ጭራቆችም ይጠነክራሉ። ትጥቅህን ስታወልቅ ይዳከማሉ። በፓች ማስታወሻው ላይ ስለዚህ የተባለ ነገር አልነበረም። ያገኙት ሰዎች ዘዴያቸው ቀላል ነበር፦ አንዱን ጭራቅ ሙሉ ትጥቅ ለብሰው ዓይተው የጤናውን ቁጥር ይጽፋሉ፣ ከዚያ አንድ አንድ ዕቃ እያወለቁ ቁጥሩን ያነጻጽራሉ። እናንተም እንዲህ ማድረግ ትችላላችሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆይ። የጌሙ ዳይሬክተር አየን ሃዚኮስታስ ወዲያው ወጥቶ ዓላማውን አብራራ። ተጫዋቹ እየጠነከረ ሲሄድ ጭራቆቹ በአንድ ምት እንዳያልቁ ፈልገን ነው አለ፤ ማስተካከያም ተደረገ። ዓላማው የሚያሳፍር አልነበረም። ቀድሞ ቢነገር ሰው ይከራከርበት ነበር፣ ምናልባትም ይቃወመው ነበር፤ ተታለልኩ የሚል ስሜት ግን ባልመጣ።

የዓላማን ነገር ካነሣሁ፣ ስለ ድካም ሕግ ያሉት ሁለት ታሪኮች ብዙ ጊዜ ያሳስቡኛል። የ2010ሩ ፋይናል ፋንታሲ 14 ሲሞከር ተጫዋቾች ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ኤክስፒያቸው (ደረጃ የሚያሳድገው የልምድ ነጥብ) እየቀነሰ መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። ዳይሬክተሩ ኖቡአኪ ኮሞቶ ከዚያ በኋላ ሲያብራራ፣ በሳምንት ውስጥ በአንድ ሙያ የመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ሙሉ ኤክስፒ ያስገኛሉ፣ በቀጣዮቹ 7 ሰዓታት እየቀነሰ እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል አለ። ሐሳቡ ትንሽ ጊዜ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ካለው ሰው በጣም ወደኋላ እንዳይቀር ነበር። ወሬው ግን ከማብራሪያው ቀድሞ ሰውን አዳርሶ ስለነበር የሚሰማ ጆሮ አልተገኘም። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ደግሞ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ሙከራ ብዙ የተጫወተ ካራክተር ኤክስፒው በግማሽ ይቀንስ ነበር። ተጫዋቹ ጠላው። ሠሪዎቹ ቁጥሮቹን ሳይነኩ ስያሜውን ገለበጡት፤ የቀነሰው መደበኛ ተባለ፣ ሙሉው ደግሞ ላረፈ ሰው በጉርሻ የሚሰጥ የመደበኛው 200 በመቶ ሆነ። ሰው ወደደው። ይህ ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ጉርሻው እስከ የት እንደሚደርስ የኤክስፒው መስመር ላይ ምልክት ሆኖ ይታያል፣ ማንም ሰው እያየ ማቀድ ይችላል። የኔ መለኪያ ይኸው ነው፦ ሕጉ ምንም ዓይነት ስም ይሰጠው፣ ተጫዋቹ የሚመራበትን ያህል ይታየዋል ወይ?

ሁሉም ይገለጥ የሚለውን ሐሳብ ደግሞ አልቀበለውም። በ2003 የወጣው ስታር ዋርስ ጋላክሲስ ውስጥ ጄዳይ (በስታር ዋርስ ፊልሞች ልዩ ኃይል ያለው ተዋጊ) መሆን የሚቻልበት መንገድ የተደበቀ ነበር፤ እያንዳንዱ ካራክተር ለራሱ ብቻ የተመደቡ የተወሰኑ ሙያዎችን እስከ መጨረሻው መማር ነበረበት። መንገዱ ባልታወቀበት ጊዜ ሰው የወደደውን ሙያ ይዞ ይኖር ነበር። ቀጣዩን ሙያ የሚጠቁሙ ሆሎክሮን የሚባሉ ዕቃዎች ሲመጡ ግን ሙዚቀኛው ሙዚቃውን፣ ሐኪሙ ሕክምናውን ጥሎ የማይወደውን ሙያ ሌት ተቀን መፍጨት ያዘ። ከተሞቹ ያላቸው ሕይወት ተጎዳ። ይህ የዓለም ምሥጢር ነበር፤ ተከብሮ መቆየት የነበረበት፣ ወይም ከመነሻው በሌላ መንገድ መሠራት የነበረበት።

ይህ ሁሉ እኛ አነስተኛውን ጌም ስንሠራ በተግባር መጣብን። አንድ ጫካ ውስጥ አንድ ዓይነት ጭራቅ ደጋግሞ የሚገድል ተጫዋች የሚያገኘው ወርቅ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ የሚያደርግ ሕግ አስገባን። ዓላማው ቦቶችን (በሰው ፋንታ የሚጫወቱ ፕሮግራሞችን) ማዳከምና የገበያው ዋጋ እንዳይንር ማድረግ ነበር። ቡድናችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ከተናገርን ቦት የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ልኩን አውቀው ከሥሩ ያመልጣሉ» አለ። እውነት አላቸው። ሌላው ግማሽ፣ እኔም ጭምር፣ ሰው ወርቁ ሲቀንስበት ምክንያቱን ካላወቀ ጌሙ ተበላሸ ወይም ሰረቀኝ ብሎ ይሄዳል አልን። ከብዙ ንግግር በኋላ የተስማማንበት እንዲህ ሆነ፦ ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሕግ ምን እንዲሆን እንደምንፈልግ እንጽፋለን፣ ሕጉ መኖሩን እንናገራለን፣ የምንደብቀው ካለ ምን እንደምንደብቅና ለምን እንደሆነ እንገልጻለን። የወርቁ ሕግ መኖሩንና ዓላማውን ጻፍን፣ የሚጀምርበትን ቁጥር ግን አልጻፍንም።

ቅሬታው አልቆመም፣ ዓይነቱ ግን ተለወጠ። ከዚያ በፊት «ወርቃችንን መልሱ» ነበር የሚባለው። አሁን አንድ ብቻውን የሚጫወት ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈልን፦ «ዓላማችሁን ወድጄዋለሁ። ቦት ግን አራት ጫካ እየዞረ ይገድላል፣ አይደክመውም። በእኔ ሌቨል የሚገባኝ ጫካ አንድ ብቻ ነው። ሕጋችሁ ከቦቱ ይልቅ እኔን ነው የሚመታኝ።» ሰርቨሩ ላይ አየነው፣ ልክ ነበር። አንድ ብቻ ማደኛ ቦታ ባላቸው ሌቨሎች ላይ ሕጉን አነሣን። ዓላማውን ሳያውቅ እንዲህ ያለ አስተያየት ሊጽፍ አይችልም ነበር፤ እኛም በቁጥሮቻችን ብቻ ቶሎ ባልደረስንበት።

በትልልቆቹም ዘንድ የሚያስቀኑ ልምዶች አሉ። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በ2013 ሲጀምር አዲስ ነገር ወደ ጌሙ የሚገባው 75 በመቶ ድምፅ ሲያገኝ ብቻ እንዲሆን አደረገ፤ ለድምፅ ለማቅረብ ደግሞ ሐሳቡን መጻፍና ማስረዳት ግድ ነው። ኢቭ ኦንላይን በ2007 አንድ ሠራተኛው ለራሱ ቡድን አድልቶ ብርቅ የንድፍ ሰነዶች መስጠቱ ከታወቀ በኋላ፣ በ2008 ተጫዋቾች የሚመርጡት ምክር ቤት አቋቋመ። ፓዝ ኦፍ ኤክዛይል ውስጥ ጠላት ሲመታህ የምታመልጥበት ዕድል ንጹሕ ዕጣ ሳይሆን በቆጣሪ የሚመራ መሆኑ በይፋ የሚታወቅ ነው፣ ሰው መከላከያውን በዚያ መሠረት ያቅዳል። ይኸው ጌም በ2022 ነሐሴ በ3.19 ፓች ከድሮ ሊጎች (ለተወሰነ ጊዜ ከሚከፈቱ የጌሙ ወቅቶች) የመጡ ጭራቆች የነበራቸውን ትልቅ የዕቃ ጭማሪ ሲያነሣ ግን ማስታወሻው ላይ በግልጽ አላሰፈረውም፤ ተጫዋቹ መሬቱ ባዶ ሲሆንበት ነው ያወቀው፣ ሠሪዎቹም ለማብራራት ተገደዱ። ግልጽነት ኩባንያው አንዴ አግኝቶት የሚያስቀምጠው ነገር አይደለም፤ በእያንዳንዱ ፓች እንደገና መሠራት አለበት።

ጥያቄ ስትልኩ መዝገባችሁን አያይዙ፣ የሰበሰባችሁበትን መንገድም ጻፉ። «ዕድሉ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ አቅርቡ፦ የቀድሞ ሙከራ ይቆጠራል? በቀን ገደብ አለው? ብቻዬንና በቡድን ስሆን ይለያያል? ትክክለኛውን ቁጥር መናገር ካልቻሉ የሕጉን ዓላማ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩን የሚከለክል ኩባንያ ብዙ ጊዜ ዓላማውን ለመናገር ፈቃደኛ ነው። ለሠራተኛው በአክብሮት ጻፉ፣ ደብዳቤያችሁን የሚያነበው ሰው ሕጉን የቀረጸው ሰው ላይሆን ይችላልና። መልሱ ሲመጣም ቀኑንና የፓቹን ቁጥር አብራችሁ መዝግቡ፤ በሚቀጥለው ፓች ሕጉ ተቀይሮ ከሆነ የምታነጻጽሩት ከዚያ ጋር ነው።